በጣም የሳተ መጀመሪያ ይናገራል

ካርቱም ውስጥ ካቻቢቴ የጨበጠ ሁሉ «ባሽሙሀንዲስ» ነው። ቧንቧ የሚቀጥለው ባሽሙሀንዲስ፣ ሪክሻ የሚጠግነው ባሽሙሀንዲስ፣ አምፖል የሚቀይረው ሳይቀር ባሽሙሀንዲስ። ሰብስቤም ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ጫፍ ላይ ባለችው፣ በቆርቆሮ በተሠራች መጠገኛው የውኃ ፓምፕና የቤት ማቀዝቀዣ ሲያድስ ሃያ ስድስት ዓመት በዚሁ ስም ተጠርቷል። የእውነት መሐንዲስ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። ሰው እንዲህ ነው፤ ማዕረጉን በነፃ ከሰጠህ በኋላ ወረቀት አምጣ አይልህም።

የእውነት መሐንዲስ ነበር። ያውም ከሞስኮ ግማሽ ቀን በባቡር በሚርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ የኑክሌር ማብላያ ደህንነት ተመራማሪ። የላቦራቶሪው ሥራ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ የማብላያው ዋና ቧንቧ ቢፈነዳ ምን ይሆናል? ውኃው እንፋሎት ሆኖ ያመልጣል፣ ውስጥ ያሉት የነዳጅ ዘንጎች ይግላሉ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ውኃ ከላይ ይለቀቃል። ያ ውኃ የጋሉት ዘንጎች ዘንድ በስንት ሴኮንድ ይደርሳል? በጊዜ ከደረሰ ደግ፤ ካልደረሰ ቼርኖቤልን ያየ ይንገራችሁ። ይህን ለማወቅ ስድስት ፎቅ የሚያህል የብረት ማማ አቁመው፣ በኑክሌሩ ምትክ በኤሌክትሪክ የሚግሉ ዘንጎች ተክለው፣ ቧንቧውን ሆን ብለው ያፈነዱት ነበር። ሚስቱ ሰርክአዲስ ይህን መጀመሪያ የሰማች ዕለት «ቧንቧ አፈንዳ ብለው ደመወዝ ይከፍሉህ ነበር? በል እንግዲህ፣ አሁን ጠግን ሲሉህ ቅር አይበልህ» ብላዋለች።

ላቦራቶሪው አንድ ወግ ነበረው። ወጉን ያቆመችው ኃላፊያቸው ኒና ፓቭሎቭና ናት፤ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ተመራማሪው ሁሉ ስሌቱን ሠርቶ፣ ውኃው በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሞ ካዝና ውስጥ ያስቀምጣል። «ከሙከራው በኋላማ ሁሉም ነቢይ ነው» ትል ነበር ኒና። ሙከራው ሲያልቅ ሻይ ይፈላና ፖስታዎቹ በየባለቤቶቻቸው ፊት ይከፈታሉ። ባለቤቱ ከሌለ አይከፈትም። ሰብስቤን ሁልጊዜ የሚገርመው ግን የንግግሩ ተራ ነበር። መጀመሪያ የሚናገረው ልክ የመጣው አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የሳተው ነው። ማንም አይስቅበትም፣ ማንም አይገላምጠውም። ሻይ ይቀዳለትና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፦ «ያላወቅከው ምን ነበር?»

ሰብስቤ ከሩሲያ ሲወጣ ካፖርቱን እንኳ ይዞ አልመጣም፤ ይህን ወግ ግን ይዞ መጣ። ፓምፕ ከመፍታቱ በፊት ካቻቢቴውን ፓምፑ አካል ላይ ደግፎ በጆሮው ያዳምጣል፣ የተበላሸው ምን እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፣ አጣጥፎ ለባለቤቱ ያስይዛል። ከዚያ ነው የሚፈታው። ታዲያ የታጠፈ ጽሑፍ በካርቱም ሌላ ሥራ አለው። የቡሪ ሰፈሯ ሀጃ ሉጥፊያ ወረቀቱን ሳትከፍት ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወስዳ እንደ ክታብ አሰፋችውና ፓምፑ አንገት ላይ አሰረችው። ፓምፑ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። የቆመ ዕለት ክታቧን ይዛ መጣችና «ባሽሙሀንዲስ፣ ጽሑፉ ኃይሉ አልቋል፣ አድስልኝ» አለችው። ሰብስቤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አዲስ ጻፈላት። ምን ያድርግ?

ወረቀቱን በትክክል የያዘችለት ሙኒያ ብቻ ነበረች። ሙኒያ ጀብራ ሰፈር የሚኖረው የሂሳብ መምህር የኡስታዝ አብዱልሰላም ልጅ ናት። ያሳደገቻት ፋጤ የምትባል የወሎ ሴት በመሆኗ አማርኛ ትችላለች፤ አማርኛዋ ግን ግማሹ ወሎ ግማሹ ዐረብ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የቤታቸው ፓምፕ ቆመና ሰብስቤ እንደ ልማዱ ጽፎ አጥፎ አስያዛት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«አሁን አይነገርም።»

«ከተሳሳትክስ?»

«ከተሳሳትኩ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ ላይ «ኩሽኔታ» ብሎ ነበር። ሲፈታው ኩሽኔታው ደህና ነው፤ ቧንቧው አፍ ላይ የተሰነቀረ የአሻንጉሊት እጅ ወጣ። ሙኒያ አሻንጉሊቷን ታንከሩ ውስጥ ስታጥብ ነው ያመለጣት። ልቅሶ ሊያመልጣት ሲል ሰብስቤ የታንከሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከትልቅ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሆኖ «እንግዲህ የሳትኩት እኔ ነኝ» አላት። «ያላወቅሁት፣ በዚህ ቤት ውስጥ አሻንጉሊት የምታጥብ ልጅ መኖሯን ነው።»

ያቺ ልጅ አድጋ ምህንድስና ጨረሰች። አገሯ አንድ ቀን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አቆማለሁ እያለች ወጣቶች ውጭ ትልክ በነበረበት ሰሞን ለሙኒያ ዕድሉ ደረሳት፤ ሩሲያ፣ የማብላያ ደህንነት። ሩሲያኛ ማን ያስተምራት? ፋጤ ነች ያስታወሰችው። ሰብስቤ አንዴ ጣቱን መዶሻ ሲመታው በማይታወቅ ቋንቋ ሲራገም ሰምታ ምንድን ነው ስትለው ሩሲያኛ ነው ብሏት ነበር።

እነዚያ ሰባት ወራት ለሰብስቤ እንደ ሁለተኛ ወጣትነት ነበሩ። ሙኒያ በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ ቡሪ ወዳለው ቤቱ ትመጣለች፤ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሩሲያኛው ሰበብ ነበር። ከሙከራ በፊት ሦስት ጊዜ የሚጮኸውን ሳይረን ነገራት። ቧንቧው ሲፈነዳ መሬቱ እንዴት በጫማ ሶል በኩል እንደሚሰማ፣ የጋለ ብረት ሽታ ከበረዶው ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ቫሌሪ የሚባለው ጓደኛው በሌሊት ፈረቃ ድንች ማሞቂያ ቱቦ ላይ እየጠበሰ እንዴት እንደሚያበላው ነገራት። ሲያወራ ወገቡ ይቃናል። ናፍቆት ሰውን ያስረጃል ይባላል እንጂ የሰብስቤንስ ዕድሜ ያሳንሰው ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህል።

ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሙከራ አርባ አንድ ላይ ነበር። በሙከራ አርባ አንድ ሁሉም ውኃው በዘጠና ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል ብለው አስልተዋል። ሰብስቤ ብቻ መቶ አርባ አለ።

«ጀሪካን በፍጥነት ስትሞዪ አይተሻል?» አላት ሙኒያን። «አየሩ ሊወጣ ይታገላል፣ ውኃው ሊገባ ይታገላል፣ አፉ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እንፋሎቱም እንደዚያ ነው። ወደ ላይ እየወጣ የሚወርደውን ውኃ ይገፋዋል። እነሱ ይህን አሳንሰው ገመቱት። ኮሪደር ላይ ጮኼ ተከራከርኩ፤ ኒና ‘ጩኸትህን ፖስታ ውስጥ አስገባው’ አለችኝ። አስገባሁት።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ነሐሴ 1983 መጣ። ሰርክአዲስ በጦርነቱ ሸሽታ ካርቱም ገብታ ነበርና ሊወስዳት ተነሣ። «ሁለት ሳምንት ብቻ» አላት ኒናን፣ «አርባ አንድ ሳይደርስ እመለሳለሁ።» የላከው መንግሥት ወድቆ፣ ፓስፖርቱ የወደቀው መንግሥት ወረቀት ሆኖ ቀረ። ቪዛ ሲለምን፣ ደጅ ሲጠና ታኅሣሥ ገባና የሚመለስበት አገር ራሱ ፈረሰ። ለኒና አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ታሪኩን ሲጨርስ ሁልጊዜ የሰርክአዲስን ትከሻ መታ መታ እያደረገ «ለሰርኬ ስል ቀረሁ» ይላል። ሰርክአዲስም ሁልጊዜ እዚያች ላይ ስትደርስ ተነሥታ ወደ ቤት ትገባለች። አፍራ ይመስለው ነበር።

ሙኒያ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ መስከረም 2008 ላይ፣ የሚጠይቃትን ጠየቃት።

«ላቦራቶሪው ካለ፣ አርባ አንድ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ስንት ሴኮንድ እንደወጣ። ፖስታዬም... ካለ።»

ሰርክአዲስ የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ ነበር። «ኸላስ! በቃ!» አለች፣ ብርጭቆዎቹ እስኪንኳኩ። «የተዳፈነ እሳት ምን ይቆሰቁሰዋል? አንቺ ልጅ፣ ትምህርትሽን ተማሪና ተመለሽ።»

«ምን አስቆጣሽ ሰርኬ?»

«ምንም። ማሌሽ። ያለፈ አለፈ።»

ሰብስቤ ብሳሳት እንዳልሰበር ፈርታ ነው አለ በልቡ። እሱም ይፈራ ነበር። ልክ ከነበረ፣ ከእጁ ያመለጠው ትልቅ ሕይወት ነበር፤ ከሳተ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን በሰው ፓምፕ ሥር ተንበርክኮ የተጽናናበት ነገር ባዶ ነበር ማለት ነው። የቱ እንደሚብስ ሊወስን አልቻለም። ለማወቅ ግን ይሻ ነበር፤ ከምንም በላይ ይሻ ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ሐምሌ 2009፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ሙኒያ በአማጃድ ታክሲ ቡሪ መጣች። ጠዋት ሀቡብ አልፎ ስለነበር ግቢው በሙሉ ቀይ አቧራ ለብሷል። ሰርክአዲስ ጠረጴዛውን ወልውላ የናዕናዕ ቅጠል ያለበት ሻይ አቀረበች። ሙኒያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ያ አሙ፣» አለች እንደ አጎት ስትጠራው፣ «ኒና ፓቭሎቭና ከአራት ዓመት በፊት ሞተዋል። አላህ ይርሐማት።»

ሰብስቤ ቆቡን አወለቀ። ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቡ ኒና እንዳለች፣ ገና ስድሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ ካዝናው አጠገብ ቆማ ነበር።

«ማማው ተነቅሏል። ካዝናው ግን ምድር ቤት ውስጥ አለ። አንዲት አሮጊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁልፉን ይዘዋል። ስምህን ስነግራቸው ወላሂ፣ ‘መቶ አርባ ነው ያለው፣ ያ ጯሂው’ አሉኝ።»

ፖስታውን አወጣች። ቢጫ ሆኗል። ማሸጊያው ላይ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ፊርማ አለ፤ ሰብስቤ ያን ወጣት ያወቀው በፊርማው ጅራት ነው፣ ያኔ ፊርማውን ማርዘም ይወድ ነበር። በጀርባው በኒና እጅ «ባለቤቱ በሌለበት አይከፈትም» ተብሎ ተጽፏል። ሙኒያ ከሙከራው ዘገባ የተቀዳ አንድ ገጽ በሌላ ፖስታ ይዛለች። ወጉን ታውቃለችና የእሷን አላስቀደመችም።

ሰብስቤ ቀደደው። «140»። ከሥሩ የጀሪካን ሥዕል ነበረበት፤ መሳሉን ረስቶት ኖሯል።

ሙኒያ የእሷን ከፈተችና አነበበች። «ሙከራ አርባ አንድ፣ ግንቦት 1993 በፈረንጅ። ውኃው ዘንጎቹ ዘንድ የደረሰበት፣ መቶ አርባ ሦስት ሴኮንድ። የሌሎቹ ትንበያ ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና አምስት...» ቀጥላ ማንበብ አልቻለችም፣ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ሰብስቤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ። ደስታው መጀመሪያ መጣ፤ ፍጹም ደስታ፣ የልጅ ደስታ። ከዚያ ከኋላው ሌላው መጣ፤ ያልሠራቸው ሙከራዎች ሁሉ፣ ያልተጻፈው መመረቂያ፣ በስሙ ያልተጠራው ሁሉ። «ልክ ነበርኩ» አለ በሹክሹክታ። «ሰርኬ፣ ልክ ነበርኩ እኮ።» ዞር ሲል ሰርክአዲስ የለችም።

ወዲያው ተመለሰች። ልጃቸው ፅዮን፣ አሁን ባሏን ተከትላ ፖርት ሱዳን የምትኖረው፣ ክርስትና የተነሣችበትን ነጭ ነጠላ በእጇ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በውስጡ የሩሲያ ቴምብር ያለበት ደብዳቤ ነበር፤ ያልተቀደደ።

«በጣም የሳተ መጀመሪያ ይናገራል አይደል የምትለው?» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። «እኔ ልናገር። ይህ በ85 ክረምት በቤተ ክርስቲያኑ የፖስታ ሳጥን መጣ። ጸሐፊው ለእኔ ሰጡኝ። ፅዮን በሆዴ ነበረች፣ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ኢቃማ የለን፣ የመኖሪያ ፈቃድ፤ ዘመድ የለን። ፈረንጅኛውን ማንበብ አልችልም፣ ግን ለምን እንደመጣ ገባኝ። ና ይሉታል አልኩ። ቢያየው ይሄዳል፣ ከሄደ አይመለስም አልኩ። ላቃጥለው ሁለት ጊዜ እሳት ዳር ይዤው ሄጃለሁ። አልቻልኩም። አንተ ‘ለሰርኬ ስል ቀረሁ’ ባልክ ቁጥር ይህ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሃያ አራት ዓመት።»

ሙኒያ ወደ መሬት አየች። የሰብስቤ ደም ራሱ ላይ ወጣ። ደብዳቤውን አንሥቶ ፖስታውን ቀደደ። ከኒና እጅ ነበር፣ ግማሽ ገጽ። እየቆመ፣ እየተጎተተ ወደ አማርኛ መለሰው።

«‘ሰብስቤ፣ አርባ አንድን ባለፈው ሳምንት ሠራን። መቶ አርባ ሦስት። ቁጥርህን ኮሪደር ላይ ስትጮኽ ሁላችንም ሰምተናል፤ ፖስታህን ግን አንተ ሳትኖር አልከፍትም፣ ካዝናው ውስጥ ይቆይሃል።’» እዚህ ላይ ቆመ።

«ቀጥል» አለች ሰርክአዲስ። «ና ትላለች?»

«‘ደመወዝ ካየን አምስት ወር ሆነን። ቫሌሪ ገበያ ወጥቶ ድንች ይሸጣል። ማማው በዚህ መኸር ይዘጋል። አትምጣ። የሚሞቅ ቦታ ካገኘህ እዚያው ሁን።’»

ጎረቤት የሆነ ሰው አቧራ ለማብረድ ደጁን ውኃ ይረጫል።

«አትምጣ?» አለች ሰርክአዲስ። «አትምጣ የሚል ወረቀት ነው እኔ ሃያ አራት ዓመት የደበቅኩት?» ሳቋ መጣና መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ በነጠላው ፊቷን ሸፈነች።

የሰብስቤ ንዴት ገና አልበረደም። ሃያ አራት ዓመት ሊያውቀው ይችል የነበረ ነገር ነው። ወግ ግን ወግ ነው፤ የሳተ ሰው ተናግሮ ሲያበቃ የሚደረገው አንድ ነገር ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣ። ሲቀዳ ትንሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ያላወቅሽው ምን ነበር?» አላት።

ሰርክአዲስ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። ይህን ጥያቄ በታሪኩ ውስጥ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ እሷን ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው። አሰበች።

«ወረቀቱ ምን እንደሚል አላወቅኩም» አለች። «አንተን ግን አውቅህ ነበር። ብሰጥህ ትሄድ ነበር።»

አልሄድም ነበር ሊል አፉን ከፈተ። ግን የመለኪያ ንባብ ለውጦ የማያውቅ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፈነና በ85 ክረምት ራሱን ያኔ በሚኖሩባት ባዶ ክፍል አቆመው፣ ደብዳቤውን በእጁ አስያዘው። ያ ወጣት መቶ አርባ ሦስት የሚለው ጋ ሲደርስ ይዘላል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አያነባቸውም፤ ቢያነባቸውም አያምናቸውም። በእግሩም ቢሆን፣ በግብፅም ቢሆን፣ ይሄዳል።

«እሄድ ነበር» አለ። «ትንበያሽ ልክ ነው ሰርኬ። ሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆንሽንም እያወቅኩ እሄድ ነበር።»

ሁለቱን ወረቀቶች አጣጠፋቸው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ እጁን ተመለከተ፣ በግሪስ የጠቆረውን።

«እንግዲያው በጣም የሳትኩት እኔ ነኛ» አለ። «ለአንቺ ስል አልቀረሁም። መንገድ ስላጣሁ ነው የቀረሁት። ግን ያን ከመናገር ‘ለሰርኬ ስል’ ማለት ቀለለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ትከሻሽን እየመታሁ ዕዳውን አንቺ ላይ ጫንኩት።»

ሙኒያ ተነሣች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ታንከሩ ጠርዝ ላይ የተማረችው ትምህርት ነውና ማንም ሳያዛት የሰብስቤን ብርጭቆ ሞላች፣ ፊቱ አስቀመጠችና በዚያ በወሎኛ አማርኛዋ ጠየቀችው።

«ያ አሙ፣ ያላወቅከው ምን ነበር?»

ሰብስቤ ሚስቱን አያት። ፀጉሯ መሃሉ ላይ መሸበቱን ያን ዕለት ነው ያስተዋለው።

«ያላወቅሁት» አለ፣ «በዚህ ቤት ውስጥ ስናገር የምትሰማኝ ሴት መኖሯን ነው።»

ሰርክአዲስ የፈሰሰውን ሻይ በነጠላው ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ወደ ቤት አልገባችም።